ሴስና 172 በእግሩ እንዲቆም፦ በሲሙሌተር ሞዴል ላይ የላንዲንግ ጊርን አቋም እውነተኛ ማድረግ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር የሠራሁትን የሴስና 172 (የታወቀች ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን) ሞዴል ምስል ለአንድ የበረራ አስተማሪ ወዳጄ ላክኩለት። ቀለሙን፣ የመስታወቱን ነጸብራቅ፣ ከሞተሩ ሥር የሚወርደውን የዘይት እድፍ ሳይቀር ሌሊት እየተነሳሁ የሠራሁት ስለነበር ምስጋና ጠብቄ ነበር። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሞተሩን ማን አወጣው?» ግራ ቢገባኝ ደወልኩለት። «አፍንጫውን ተመልከት እንጂ» አለኝ። «ስትራቱ፣ የፊት እግሩ ተንሸራታች ዘንግ፣ እስከ መጨረሻው ተመዟል። ሞተር የተሸከመ አውሮፕላን እንዲህ አይንጠራራም።»

እውነቱን ነው። በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን ሠርቼ መሬት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጎማዎቹ አስፋልቱን ነክተዋል፤ የተሸከሙት ነገር ግን የለም። ዕቃ የጫነ አይሱዙ ከኋላው ዝቅ ብሎ፣ ባዶው ደግሞ ጭራውን ቀስሮ እየዘለለ ሲሄድ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ የመኪናውን ጭነት ለማወቅ ሸራውን መግለጥ አያስፈልግም፣ ባሌስትራውን ማየት ይበቃል። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከክብደት ነው፤ ቀጥሎ ሞላው፣ በመጨረሻ አኒሜሽኑ ይመጣል። ብዙዎቻችን ግን ከመጨረሻው እንጀምራለን። ጎማው ተንሳፍፎ ስናየው ብሌንደርን (ሞዴል የምንቀርጽበትን ፕሮግራም) ከፍተን ወደ ታች እንጎትተዋለን፤ በማግስቱ ነዳጅ ስንቀይር ጎማው አስፋልት ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል።

እዚህ የምሠራው በሴስና 172ኤስ ነው። ቁጥሮቹን በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር አሠራር አሳያለሁ፤ ሌሎቹ ሲሙሌተሮች፣ ፍላይትጊርና ኤክስፕሌን፣ የሚለዩበትን ቦታ በየመሃሉ እጠቁማለሁ። መለኪያዎቹ በኢንች፣ በጫማና በፓውንድ ናቸው፤ የአውሮፕላኑ መጽሐፍም ሲሙሌተሩም የሚናገሩት በእነዚህ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ጫማ 12 ኢንች መሆኑን ይያዙ።

መጀመሪያ የሚሰበሰቡ ቁጥሮች

የአብራሪው መመሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አውሮፕላኑን ከሦስት አቅጣጫ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከዚያ የሚፈለጉት አራት ልኮች ናቸው፦ በአፍንጫ ጎማውና በዋናዎቹ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 65 ኢንች፣ በሁለቱ ዋና ጎማዎች መካከል ያለው 8 ጫማ ከ4 ½ ኢንች፣ የፕሮፔለሩ ጫፍ ከመሬት ያለው ርቀት 11 ¼ ኢንች፣ የፕሮፔለሩ ርዝመት ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ 76 ኢንች። ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 2,550 ፓውንድ ነው።

ከዚህ ሌላ ሁለት ፎቶ ያስፈልግዎታል፤ አንዱ ቆሞ ከጎን የተነሳ፣ ሌላው ከመሬት ገና እንደተነሳ። የሚቻል ከሆነ ሁለቱም የአንድ አውሮፕላን ይሁኑ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ ቀጥሎ ይታያል።

ከፎቶ ላይ መለካት

ከቅርብ በስልክ የተነሳ ፎቶ ይዋሻል። የአፍንጫው ጎማ በአውሮፕላኑ መሃል መስመር ላይ ሲሆን፣ ወደ እርስዎ ያለው ዋና ጎማ ግን 50 ኢንች ያህል ወደ ካሜራው ይቀርባል። አሥር ሜትር ላይ ቆመው ካነሱት ቅርቡ ጎማ ወደ 15 በመቶ ገዝፎ ይታያል። ሃምሳ ሜትር ርቀው በረጅም ሌንስ ካነሱት ስህተቱ ከ3 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከሩቅ የተነሳ፣ ካሜራው ከፍ ዝቅ ሳይል በጎማዎቹ ቁመት አካባቢ የተያዘበትን ፎቶ ይምረጡ። መሬቱ ሜዳ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ የአውሮፕላን ማቆሚያዎች ውኃ እንዲፈስባቸው ትንሽ ዘንበል ተደርገው ይሠራሉ።

ፎቶውን በማንኛውም የምስል ማረሚያ ይክፈቱና በሁለቱ ጎማዎች መሃል ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት በፒክስል ይለኩ። 1,300 ፒክስል አገኙ እንበል። ለ65 ኢንች ሲካፈል እያንዳንዱ ኢንች 20 ፒክስል ነው ማለት ነው። አሁን ፎቶውን ይፈትኑት። ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይገኝም፤ ስለዚህ ጫፉን ትተው መሃሉን ይለኩ። ግማሽ ፕሮፔለር 38 ኢንች ነው፤ 11 ¼ ሲጨመርበት መሃሉ ከመሬት 49 ¼ ኢንች፣ ማለትም 985 ፒክስል ላይ መገኘት አለበት። እዚያው አካባቢ ካገኙት ፎቶው የሚታመን ነው። 940 ካገኙ ደግሞ ፎቶው ጤናማ ሆኖ አውሮፕላኑ ታሞ ሊሆን ይችላል፤ የአፍንጫው ስትራት አየሩ ወጥቶ ተቀምጧል ማለት ነው። በማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለውን ለሞዴልዎ ምሳሌ አድርገው አይውሰዱት።

ቀጥሎ የሚለካው የሚያብረቀርቀው ብረት ነው። በአፍንጫው እግር ላይ ከላይኛው ቱቦ የሚወጣው የተወለወለ ዘንግ፣ አጠገቡ ሄደው ቢያዩት፣ አቧራ የያዘ ቀጭን ቀይ የዘይት ቀለበት ይዞ ያገኙታል። ያ ቀለበት ዘንጉ በቅርቡ እስከ የት ገብቶ እንደወጣ ይመሰክራል። በቆመው ፎቶ ላይ የሚታየው ዘንግ 50 ፒክስል፣ ማለትም 2.5 ኢንች ነው እንበል። ከመሬት እንደተነሳ በተወሰደው ፎቶ ላይ በራሱ መጠን ሲሰላ 7.5 ኢንች ወጥቷል እንበል። ልዩነቱ 5 ኢንች ነው። አውሮፕላኑ ሲቆም የአፍንጫው እግር የሚታመቅበት ልክ ይህ ነው፤ ከአንድ ፎቶ ብቻ ሊገኝ አይችልም።

እያንዳንዱ ጎማ ስንት ይሸከማል?

በሴስና 172 ርቀት ሁሉ የሚለካው ከሞተሩና ከአብራሪው ክፍል መካከል ካለው ግድግዳ ነው። ዋናዎቹ ጎማዎች ከዚያ 58.2 ኢንች ወደ ኋላ፣ የአፍንጫው ጎማ 6.8 ኢንች ወደ ፊት አላቸው ብንል ድምሩ 65 ይመጣል። የአፍንጫው ድርሻ እንዲህ ይሰላል፦ ከዋናዎቹ ጎማዎች ቦታ ላይ የክብደት ማዕከሉን (ክብደቱ ሁሉ ሚዛን የሚጠብቅበትን ነጥብ) ቦታ ይቀንሱ፣ ውጤቱን ለ65 ያካፍሉ።

የክብደት ማዕከሉ 43 ኢንች ላይ ከሆነ፣ 58.2 ሲቀነስ 43 ይሆናል 15.2፤ ለ65 ሲካፈል 23.4 በመቶ። አውሮፕላኑ 2,300 ፓውንድ ቢመዝን የአፍንጫው ጎማ 538 ፓውንድ፣ ሁለቱ ዋና ጎማዎች እያንዳንዳቸው 881 ፓውንድ ይሸከማሉ።

ያው 2,300 ፓውንድ የክብደት ማዕከሉ 40 ኢንች ላይ ሲሆን አፍንጫው 644 ፓውንድ ይሸከማል። ሰዎች ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዕቃውም ከኋላ ገብቶ ማዕከሉ 47 ላይ ሲደርስ ግን ወደ 396 ይወርዳል። የአውሮፕላኑ ጠቅላላ ክብደት ሳይለወጥ አፍንጫው ላይ ያለው ሸክም በ248 ፓውንድ ተለወጠ። ከፎቶ ወደ ፎቶ አቋሙ የሚለያየው ለዚህ ነው፤ ሞዴሉም በነዳጅና በተሳፋሪ ካልተለዋወጠ ሐውልት ነው።

በዚህ ደረጃ ሌላ አንድ ነገር ማድረግ አለብዎት፤ በሲሙሌተሩ ፋይል ውስጥ የባዶ አውሮፕላኑ ክብደትና የክብደት ማዕከሉ ትክክል መሆናቸውን ያረጋግጡ። ከሌላ አውሮፕላን ተቀድተው የቀሩ ቁጥሮች ካሉ ከዚህ በኋላ የሚሠሩት ሁሉ በአሸዋ ላይ የተሠራ ቤት ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ከሞላ ጋር ስታገል ቆይቼ ጥፋቱ የነዳጅ ታንኩ ቦታ ላይ የተተየበ አንድ ትርፍ ዜሮ ሆኖ ተገኝቷል።

የንክኪ ነጥቦችን መሙላት

በማይክሮሶፍት ሲሙሌተር «ኮንታክት ፖይንትስ» የሚባለው ክፍል እያንዳንዱን መሬት የሚነካ ነጥብ በአንድ መስመር ቁጥሮች ይገልጻል። መስመሩ ረጅም ነው፤ አቋምን የሚወስኑት ግን ጥቂቶቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ቁጥር የነጥቡን ዓይነት ይናገራል፤ 1 ጎማ ማለት ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት ቦታውን በጫማ ይሰጣሉ፦ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝና ወደ ላይ አዎንታዊ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። የሚጻፈው ቁመት እግሩ ምንም ሳይታመቅ፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የጎማው ግርጌ የሚገኝበት ነው። የቆመውን አውሮፕላን ቁመት ከጻፉ ሲሙሌተሩ ከዚያ ላይ ደግሞ ያምቀዋል፣ አውሮፕላኑም በሆዱ ሊተኛ ይደርሳል።

ሰባተኛው የጎማው ሬዲየስ፣ ማለትም ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት ነው፤ ጎማው በትክክለኛ ፍጥነት እንዲሽከረከር ይረዳል። ዘጠነኛው የልባችን ጉዳይ ነው፦ ባዶው አውሮፕላን ሲቆም እግሩ የሚታመቅበት ልክ በጫማ። «ባዶው» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። እኛ ፎቶው ላይ የለካነው 5 ኢንች ግን 538 ፓውንድ በተሸከመበት ጊዜ ነው እንበል። ባዶው አውሮፕላን 1,660 ፓውንድ መዝኖ ማዕከሉ 39 ላይ ቢሆን አፍንጫው 490 ፓውንድ ይሸከማል፤ ስለዚህ 5 ሲባዛ በ490 ሲካፈል ለ538 ይሆናል 4.55 ኢንች፣ በጫማ 0.38። የሚጻፈው ይህ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሞላው ይጠነክራል፣ ሲበዛ ይለሰልሳል።

አሥረኛው እግሩ እስከ መጨረሻው ሲገባ ከዚህ ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚሆን ይናገራል። ሙሉ ጉዞው 7.5 ኢንች ከሆነ 7.5 ለ4.55 ሲካፈል 1.65 ነው። አሥራ አንደኛው ንዝረቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚበርድ ከ0 እስከ 1 ባለው መጠን ያስቀምጣል፤ ዜሮ ከሆነ አውሮፕላኑ እንደ ሕፃን አልጋ ሲወዛወዝ ይውላል። እኔ ከ0.6 ጀምሬ እየሞከርኩ አስተካክላለሁ።

በፍላይትጊር፣ ጄኤስቢሲም የተባለውን የበረራ ስሌት የሚጠቀም አውሮፕላን ከሆነ፣ የሞላውን ጥንካሬ በቀጥታ ይጽፋሉ። 538 ፓውንድ በ5 ኢንች፣ ማለትም በ0.417 ጫማ ሲካፈል በአንድ ጫማ 1,291 ፓውንድ ይመጣል። ንዝረት ማብረጃውም በስሌት ይገኛል፦ ሸክሙን ለ32.2 (ለመሬት ስበት መጠን በጫማ) አካፍለው 16.7 ያግኙ፤ በ1,291 ያባዙት፤ የውጤቱን ካሬ ሥር አውጥተው በሁለት ያባዙ። 294 ያህል ይሆናል። ይህ እግሩ አንዴ ታምቆ ያለ ምንም ውዝዋዜ የሚመለስበት ወሰን ስለሆነ ግማሹን፣ 147ን፣ መነሻ ያድርጉት። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፤ በጄኤስቢሲም ርዝመት የሚጨምረው ወደ ኋላ ነው። ከማይክሮሶፍት የመጣ ሰው ምልክቱን ሳይገለብጥ ቢቀዳው አውሮፕላኑ በጭራው ቁጭ ይላል።

ኤክስፕሌን ላይ ሥራው በፕሌን ሜከር (አብሮት በሚመጣው የአውሮፕላን መሥሪያ ፕሮግራም) የላንዲንግ ጊር ገጽ ይከናወናል፤ ስሌቱ ያው ነው።

ከፍታና ዘንበል

ማይክሮሶፍት ሲሙሌተር አውሮፕላኑን መጀመሪያ ሲያስቀምጥ የሞላዎቹን ስሌት አይጠብቅም። «ስታቲክ ሲጂ ሃይት» (ሲቆም የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ያለው ከፍታ) እና «ስታቲክ ፒች» (ሲቆም ያለው ዘንበል) የሚባሉ ሁለት ቁጥሮችን አምኖ ያስቀምጠዋል፣ ሞላዎቹ ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥሮቹ ከፍ ካሉ አውሮፕላኑ ገና ሲታይ ከአየር ዱብ ይላል፤ ዝቅ ካሉ ከመሬት ውስጥ ተፈናጥሮ ይወጣል። አንዳንዴም በዚያው ይሰበራል።

የአውሮፕላኑ ወለል አግድም ሲሆን፣ ከታመቁ በኋላ የአፍንጫው ጎማ ግርጌ ከማጣቀሻው መስመር 50 ኢንች፣ የዋናዎቹ 48 ኢንች በታች ከሆነ ልዩነቱ 2 ነው። 2 ለ65 ሲካፈል የሚሰጠው ዘንበል 1.8 ዲግሪ ያህል ነው፣ አፍንጫው ወደ ላይ። በዚህ አጭር አውሮፕላን ላይ የአፍንጫው እግር አንድ ኢንች ሲለወጥ አቋሙ በ0.9 ዲግሪ ይለወጣል፤ ጭራው ደግሞ 3 ኢንች ያህል ይወርዳል ወይም ይወጣል። ዓይን ይህን ወዲያው ይይዘዋል። በቦይንግ 737-800 ግን በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 15.6 ሜትር ስለሆነ አፍንጫው 5 ሴንቲ ሜትር ቢሳሳት ዘንበሉ ከ0.2 ዲግሪ አይበልጥም። በትልልቅ ጄቶች ስህተት የሚጋለጠው በዘንበሉ ላይ ሳይሆን በዘንጉና በጎማዎቹ ላይ ነው።

ጭራቸው መሬት ላይ የሚያርፍ አውሮፕላኖችን የምትሠሩ፣ ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረበትን ሲ-47፣ በዚያው ስሌት ልትጠቀሙ ትችላላችሁ፤ ልዩነቱ የክብደት ማዕከሉ ከዋናዎቹ ጎማዎች ጀርባ መሆኑ ብቻ ነው። ሲ-47 ሲቆም አፍንጫው ከ11 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ያያል።

ሲሙሌተሩ የማያውቀው ሞላ

የአፍንጫው እግር ውስጥ ያለው የታመቀ አየርና ዘይት ነው። የታመቀ አየር ደግሞ እንደ ተራ ሞላ አይሠራም፤ መጀመሪያ እሺ ባይ ነው፣ እየተጠጋ ሲሄድ ግትር ይሆናል። የትልቅ አውሮፕላን እግር እንውሰድ። ውስጡ ያለው የአየር ዓምድ 50 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና መነቃነቅ የሚጀምረው 1 ቶን ሲጫነው ቢሆን፣ 25 ሴንቲ ሜትር ለመግባት 2 ቶን፣ 40 ለመግባት 5 ቶን፣ 45 ለመግባት 10 ቶን ይፈልጋል። ከ1 ወደ 5 ቶን 40 ሴንቲ ሜትር ሲሄድ፣ ከ5 ወደ 10 ቶን ግን 5 ብቻ! ባዶ ጄትና ሙሉ ጄት ቆመው ሲታዩ እግራቸው ብዙም የማይለያየው ለዚህ ነው።

ከላይ የሞላናቸው ነጥቦች ደግሞ እግሩን በቀጥታ መስመር የሚሠራ ሞላ አድርገው ያዩታል። 10 ቶን ላይ 45 ሴንቲ ሜትር እንዲገባ ካደረጉት 5 ቶን ላይ 22.5 ብቻ ይገባል፤ ከእውነተኛው በ17.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ቀጥታ መስመር ጠማማን መስመር በሁለት ነጥብ ብቻ ይነካዋል፤ ሁለቱን መምረጥ የእርስዎ ፋንታ ነው። እኔ ሁልጊዜ የምመርጠው በአየር ላይ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውን እግርና በተለመደው ክብደት የቆመውን ነው። ሰው አውሮፕላኑን የሚያየው በእነዚህ ሁለት ጊዜያት ነውና ባዶውና እስከ አፍ ገደፉ የተጫነው ትንሽ ቢሳሳቱ ይቅርታ ይደረግልኛል። ሌሎች ሞዴል ሠሪዎች ሞላውን አጠንክረው እግሩ በአየር ላይ እንዳይዘረጋ ያደርጋሉ፤ ከመሬት ሲነሳ እግሮቹ የማይረዝሙ አውሮፕላን ግን ለእኔ የሞተ ነው።

አኒሜሽን

ሕጉ አንድ ነው፦ የአውሮፕላኑ አካል የወረደውን ያህል ጎማው ከአካሉ አንጻር ይወጣል፣ አይበልጥም አያንስም። በፍላይትጊር የእያንዳንዱ እግር መታመቅ «ፕሮፐርቲ ብራውዘር» በሚባለው መስኮት ውስጥ በቁጥር ይታያል፤ ኤክስፕሌን ደግሞ የእያንዳንዱን ጎማ አቀባዊ እንቅስቃሴ በሜትር ይሰጣል። አኒሜሽኑን ከዚያ ቁጥር ጋር ሲያያይዙ ማባዣው ከጻፉት ጉዞ ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። ጎማ አስፋልት ውስጥ ሲሰምጥ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው።

የአፍንጫው እግር ቀጥ ብሎ የቆመ አይደለም፤ ትንሽ ጋደል ይላል። ስለዚህ ዘንጉን በራሱ አቅጣጫ ያንቀሳቅሱት። 15 ዲግሪ ቢጋደል ለ5 ኢንች ቁመት 5.18 ኢንች መጓዝ አለበት። ከዘንጉ ጎን ያለው መቀስ የሚመስል ማጠፊያም አብሮ መታጠፍ አለበት። ብሌንደር ውስጥ በአጥንትና በማሰሪያ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ወደ ሲሙሌተሩ ከመላክዎ በፊት ግን እንቅስቃሴውን ወደ ተራ ኪፍሬም (በየቅጽበቱ የተመዘገበ አቋም) ይለውጡት፣ ማሰሪያዎቹ አብረው አይሄዱም። በአየር ላይ ደግሞ የአፍንጫው ጎማ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፔዳል ሲረገጥ የሚዞረው መሬት ላይ፣ በግራና በቀኝ 10 ዲግሪ ያህል ነው። በአንድ ወገን ፍሬን ሲታገዝ እስከ 30 ይደርሳል።

ዋናዎቹ እግሮች ሌላ ታሪክ ናቸው። ዘይትም አየርም የላቸውም፤ ከሆዱ ሥር ወደ ውጭ የተዘረጉ የሞላ ብረት ቱቦዎች ናቸው። በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትታቸው ሰው ሴስናን አጠገቡ ቆሞ አላየም። እግሩ ከሥሩ ነው የሚታጠፈው። ከሥሩ እስከ ጎማው ያለው አግድም ርቀት 38 ኢንች ቢሆንና ጎማው 3 ኢንች ቢወርድ፣ መዞሩ 4.5 ዲግሪ ያህል ነው። ጎማውም አብሮ ያዘነብላል። ለዚህ ነው ሴስና ለማረፍ ሲመጣ ከፊት ሲታይ የጎማዎቹ ግርጌ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ የሚለው፤ መሬት ነክቶ ሲቀመጥ ደግሞ እግሮቹ ተበርግደው ጎማዎቹ ቀጥ ይላሉ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው፤ ሞዴሉን ሕይወት የሚሰጠው ግን ከዚህ በላይ ምንም አላገኘሁም።

ሁለት ፎቶ አስተያይተው በአንድ ኢንች የሚለያዩ ዋና እግሮች ቢያገኙ አይደንግጡ። ቆሞ የተጫነ አውሮፕላን ጎማዎቹ አስፋልቱ ይዟቸው ወደ ጎን ስለማይንሸራተቱ፣ እግሮቹ በደንብ የሚበረገዱት ትንሽ ከተንከባለለ በኋላ ነው።

ስለ ጎማው ራሱ ብዙ አልልም። የአውሮፕላን ጎማ ሙሉ ሸክሙን ሲይዝ ከቸርኬው በላይ ያለው ቁመት ሲሶ ያህል እንዲጨፈለቅ ተደርጎ ይሠራል። ግርጌውን ጠፍጣፋ፣ ጎኑን ትንሽ ያበጠ አድርገው ይሥሩት፤ ይህን ካልቻሉ ክቡን ጎማ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር አስፋልቱ ውስጥ ያስገቡት። ጫፉ ብቻ መሬት የሚነካ ፍጹም ክብ ጎማ ኳስ ይመስላል።

ብዙ ጎማ ያላቸው

ቦይንግ 767 የሚሠራ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1984 እ.ኤ.አ. የተረከበው ይህ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ለማረፍ ሲመጣ ዋና እግሩን የተመለከተ ሰው አራቱ ጎማዎች የተያያዙበት ጋሪ ወደ ፊት ተደፍቶ፣ የፊተኞቹ ጎማዎች ዝቅ ብለው ያያል። የ757 እና የ777 ግን ተቃራኒ ነው፤ የኋላዎቹ ናቸው የሚንጠለጠሉት። አንዱን ለሌላው ቀድቶ የለጠፈ ሞዴል ብዙ አይቻለሁ። ሲሙሌተሩ ለእያንዳንዱ እግር አንድ ነጥብ ብቻ ካለው፣ ነጥቡን መጀመሪያ መሬት በሚነካው ጎማ ቁመት ላይ ያድርጉት፤ የመታመቁን የመጀመሪያ ክፍል ጋሪው ቀጥ እንዲል፣ የቀረውን ዘንጉ እንዲገባ ያከፋፍሉት።

መሞከሪያዎች

ሞዴሉን ሲሙሌተር ውስጥ ያስነሱና ሲታይ ይከታተሉት። ዱብ ካለ ወይም ከተፈናጠረ ከፍታና ዘንበሉን ያርሙ። ማይክሮሶፍት ላይ ዲቨሎፐር ሞድን ከፍተው የንክኪ ነጥቦቹን ማሳየት ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ነጥብ የጎማው ግርጌ ላይ መቀመጥ አለበት።

ፍሬን ይዘው ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት ይስጡት፤ አፍንጫው ሊያጎነብስ ይገባል። ጉልበቱን በድንገት ሲቀንሱ አንድ ጊዜ ተነስቶ ይርጋ፣ ሦስት ጊዜ ከተወዛወዘ ማብረጃው አንሷል። ቀጥሎ ያርፉና ቅጂውን በዝግታ ይመልከቱ፦ ዋናዎቹ እግሮች መበርገድ የሚጀምሩት ጎማው መሬት በነካበት ቅጽበት ነው፣ አስቀድሞም ዘግይቶም አይደለም።

የመጨረሻው ሙከራ የጭነት ነው። 2,300 ፓውንድ ጭነው አንዴ ማዕከሉን 40 ላይ፣ አንዴ 47 ላይ ያድርጉና ከጎን ምስል ይውሰዱ። በጻፍነው ሞላ መሠረት አፍንጫው በመጀመሪያው 6 ኢንች፣ በሁለተኛው 3.7 ኢንች ይታመቃል፤ በሁለቱ መካከል ከ2 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ የዘንበል ልዩነት ይታያል። እኔ ሁለቱን ምስሎች ምንም ሳልጽፍባቸው ለዚያው ወዳጄ ላክኩለት። «በሁለተኛው ኋላ ወንበር ላይ ሰው አለ» ብሎ መለሰልኝ። ትንሽ ቆይቶም «የግራውን ጎማ ግን ንፋስ አስሞላው» የሚል መልእክት ጨመረልኝ።